ቃሉ የአምላክ፣ አደራው የሰው

በቀን ሥራዬ የሰው ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ። ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሰዎች ብር እቀበላለሁ፤ ቆጥሬ በስማቸው እመዘግባለሁ፤ መልሰው ሲፈልጉትም ፊርማቸውን አመሳክሬ እሰጣለሁ። በእጄ የሚያልፈው ገንዘብ ብዙ ነው፤ የእኔ የሆነ ግን አንድ ሳንቲም እንኳ የለውም። ይህን እውነት በዚህ ሙያ ያለን ሁሉ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንማረዋለን፤ ያልተማረው በመስኮቱ ጀርባ ብዙ አይቆይም።

ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። የዐሥር ዓመት ድካሜን ለቃቅሜ ዐርባ ግጥሞች የያዘች አንዲት ቀጭን መድበል አዘጋጀሁና ወደ ማተሚያ ቤት ይዣት ሄድሁ። በመግቢያዋ፣ ከግጥሞቹ ሁሉ በፊት፣ የሰው ዕድሜ እንደ ሣር መሆኑን የሚናገረውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል አስፍሬ ነበር። ይህ ቃል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ ከመኝታ በፊት ከዚያ ጥቁር ሽፋን ካለው መጽሐፍ ቅዱሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልን የነበረ ነው። ግጥም የሚባል ነገር መኖሩን ሳላውቅ በፊት ግጥም የሰማሁት ከእርሱ አፍ ነው። ስለዚህ መድበሌ ያለዚያ ቃል መልክ ያላት አልመሰለኝም።

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ረቂቁን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና፣

«ልጄ፣ ይህ ቃል ከየትኛው ትርጉም ነው?» አሉኝ።

«ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው ጋሼ፤ ከመዝሙረ ዳዊት።»

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ። ማን የተረጎመው ነው? ፈቃድስ ጠይቀሃል ወይ?»

ሳቅሁ። «ጋሼ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ለመጥቀስ ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው?» አልኋቸው።

እርሳቸው አልሳቁም። ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው ያለውን አንድ መስመር በጣታቸው አመለከቱኝ። እኔው በእጄ የጻፍሁት ነው፤ የደራሲው መብት በሕግ የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል፤ ከሥሩም ስሜ ከነአባቴ ከነአያቴ ተዘርዝሯል።

«ለአንተ ዐርባ ግጥሞች ባለቤት አበጀህ። ዳዊትን ግን ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኘኸው አስመሰልኸው» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ በዚያ ቀን ረቂቄን ሳላስረክብ ተመለስሁ። ይህች ጽሑፍ ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ያነበብሁትና ያሰብሁት ውጤት ናት።

በአገራችን ልማድ ቅዱስ ቃልን ለመጥቀስ ፈቃድ መጠየቅ እንግዳ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ ዳዊትን በቃሉ ይይዛል እንጂ ከማን እንደ ወሰደ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ባለቅኔው ከመጽሐፍ አንዲት ታሪክ ወስዶ ሰም ያደርጋታል፤ የራሱን ወርቅ ይሰውርባታል፤ ጉባኤው ታሪኳን ያውቃታልና ምንጭህን ጥቀስ አይለውም። የአንድምታ መምህራንም «አንድም» እያሉ የትርጓሜውን ሀብት ሲያወርዱ የእያንዳንዱን ሐተታ አመንጪ ስም አይዘረዝሩም። ቃሉ የጋራ ማዕድ ነው፤ በማዕድ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ለእያንዳንዱ ጉርሻ ፈቃድ አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ የብራና መጻሕፍቶቻችንን ልብ ብሎ ላየ ሰው ሌላም ነገር ይታየዋል። በብዙዎቹ ውስጥ ጸሐፊው ስሙን ጠቅሶ አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበው ይለምናል። ያጻፈው ሰው ስምም አብሮ ይገባል። ከዚያም የውግዘት ቃል ይከተላል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። እዚህ ላይ አባቶቻችን ሦስት ነገሮችን ለይተው ያዩ ይመስለኛል። ቃሉ የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ የፈለገ ይቅዳው፣ ይድገመው። ብራናው ግን ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ወራት የፈሰሱበት ንብረት ነውና ይጠበቃል። ስሙ ደግሞ የጸሐፊው ድርሻ ነው፤ ዋነኛ ደመወዙ መታወስ ነውና። ፋቂው ከሌባው እኩል የተወገዘው በከንቱ አይደለም። አንዱ ብራናውን ይወስዳል፤ ሌላው በብራናው ላይ የተጻፈውን ሰው ይወስዳል።

ይህ ልዩነት በሌላው ዓለም ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አልታየም። በአየርላንድ ደሴት የሚተረክ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮሉምባ የተባለ መነኩሴ የመምህሩን የፊንያንን መዝሙረ ዳዊት ሳያስፈቅድ ቀዳ ይባላል። መምህሩ ቅጂው ለእኔ ይገባል አለ፤ ክርክሩም ከንጉሥ ዲያርሚድ ዘንድ ቀረበ። ንጉሡ ጥጃ የላሟ ባለቤት እንደ ሆነ ሁሉ ቅጂም የመጽሐፉ ባለቤት ነው ብሎ ለመምህሩ ፈረደ። ትረካው እንደሚለው ቂሙ አድሮ እ.ኤ.አ. በ561 አካባቢ ወደ ተደረገ ጦርነት አመራ። ታሪኩ በጽሑፍ የሰፈረው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ የዛሬ ሊቃውንት ዝርዝሩን በጥንቃቄ ነው የሚያዩት፤ ኮሉምባ ቀዳው እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የመዝሙር ብራና ግን ዛሬም በደብሊን፣ በሮያል አይሪሽ አካዳሚ ተቀምጦ ይገኛል።

የንጉሡ ፍርድ ለእኛ አገር ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም። ላሚቱ የእርሱ ከሆነች ጥጃዋም የእርሱ ናት። ነገር ግን ላም ጥጃዋን ስታጠባ ለጌታዋ የሚታለበው ወተት ይቀንሳል፤ መዝሙር ቢቀዳ ከመጀመሪያው አንዲት ፊደል አትጎድልም። ንጉሡ ብራናውንና ቃሉን አንድ አድርጎ ፈረደ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት ደግሞ ከዚህ አልፈው ሄዱ።

እንግሊዝን እንመልከት። በዚያች አገር ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ቅዱስ መጽሐፍን ያለ ጳጳስ ፈቃድ ወደ አገሩ ቋንቋ መተርጎም የተከለከለ ነበር። ዊልያም ቲንደል የተባለ ካህን እ.ኤ.አ. በ1523 ወደ ለንደን ሄዶ የጳጳሱን ድጋፍ ለመነ። እንደ ሥርዓቱ ፈቃድ ጠየቀ ማለት ነው። ተከለከለ። እርሱም ወደ ጀርመን አገር ተሰደደ፤ አዲስ ኪዳንንም ከግሪክ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1526 በቮርምስ ከተማ አሳተመ። መጻሕፍቱ በሸቀጥ መካከል ተደብቀው ወደ እንግሊዝ ገቡ፤ የተያዙትም ተቃጠሉ። ተርጓሚው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1536 ብራስልስ አጠገብ በምትገኘው በቪልቮርደ ታንቆ ተገደለ፤ አስከሬኑም በእሳት ተቃጠለ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ አንድ የሰማዕት ታሪክ ብቻ በሆነ። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1539፣ በዚያው በእንግሊዝ ንጉሥ ሥልጣን አንድ ታላቅ መጽሐፍ ቅዱስ ለአብያተ ክርስቲያናት ታተመ፤ በውስጡም የቲንደል ሥራ በብዛት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን የወጣው ዝነኛው ትርጉምም ዐረፍተ ነገሮቹን በብዛት ከቲንደል ወርሷል። መጽሐፉ ግን የሚጠራው በንጉሡ ስም እንጂ በተርጓሚው ስም አይደለም። የማተም መብቱም የዘውዱ ሆነ። ይህ የዘውድ መብት እንደ ተራ የደራሲ መብት የጊዜ ገደብ የለውም፤ ዛሬም በእንግሊዝ ያንን ትርጉም የማተም ሥልጣን በንጉሥ ፈቃድ የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ይዞት ይገኛል። ከብሪታንያ ውጭ ግን ማንም ሊያትመው ይችላል።

ለዚህ መብት የሚቀርበው ምክንያት የቃሉን ንጽሕና መጠበቅ ነው። ምክንያቱ ከንቱ ነው አልልም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1631 ይህን ፈቃድ በእጃቸው የያዙት ሁለቱ የንጉሡ አታሚዎች ራሳቸው ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን ሲያትሙ አሉታዊዋን ቃል ዘለሏት። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «አታመንዝር» ከሚለው ላይ «ታ» ብትወድቅ ማለት ነው፤ የአንዲት ፊደል ጉድለት ክልከላውን ትእዛዝ አደረገው። አታሚዎቹ 300 ፓውንድ ተቀጡ፤ ቅጂዎቹም እየተለቀሙ እንዲጠፉ ተደረገ። ፈቃድ መያዝ ብቻውን ታማኝ ጠባቂ እንደማያደርግ ከዚህ እንማራለን። በባንክ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የካዝና ቁልፍ የተሰጠው ሁሉ በትክክል ይቆጥራል ማለት አይደለም።

ባሕር ማዶ በአሜሪካ ደግሞ ተቃራኒው ታየ። የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ታርሞ አዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1881 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ መብቱን የሚያስከብርለት ሕግ አልነበረም። መጽሐፉ ኒውዮርክ በደረሰ በሁለት ቀን ውስጥ የቺካጎ ጋዜጦች ይዘውት ወጡ፤ ትሪቢዩን የተባለው አዲስ ኪዳኑን በሙሉ አተመው፤ ታይምስ የተባለው ደግሞ እጅግ ብዙውን ክፍል በቴሌግራፍ ከኒውዮርክ አስተላልፎ ነበር ያስመጣው። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የእግዚአብሔር ቃል በጋዜጣ ዋጋ ለሠራተኛው ሁሉ ደረሰ ብዬ። ነገር ግን ከጋዜጦቹ በኋላ ሌሎች አታሚዎችም ተነሡ፤ አንዳንዶቹም ጽሑፉን እንዳሻቸው እየቀያየሩ ሸጡት። የአሜሪካ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1901 የራሳቸውን እርማት ሲያወጡ መብቱን በሕግ ያስመዘገቡት ከዚህ ትምህርት ወስደው ነው። አሳባቸው ሰው እንዳያነብ መከልከል አልነበረም፤ ያልጻፉትን በእነርሱ ስም እንዳይሸጥ መከላከል ነበር።

የዛሬዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ባለመብቶችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ለምሳሌ በብዙ አገር የሚነበበው አዲሱ ዓለም አቀፍ ትርጉም እስከ 500 ቁጥር ድረስ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዲጠቀስ ይፈቅዳል፤ የተጠቀሰው ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ መሆን ወይም ከጠቃሹ ሥራ ሩብ ያህሉን መያዝ የለበትም፤ ምንጩም መገለጽ አለበት። የባንክ ሰው ነኝና ገደብ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። ሆኖም የመዝሙር ቃል እንደ ቼክ በቁጥር ተቆጥሮ ሳይ ልቤ ትንሽ ይሸማቀቃል።

ለመሆኑ ደራሲው ሰው ካልሆነስ ሕግ ምን ይላል? ይህም ጥያቄ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ1955 በቺካጎ የታተመ ዩራንሺያ የሚባል ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ ተከታዮቹ ከሰማያዊ ፍጡራን የተገለጠ ነው ይላሉ። አንዲት ሴት ያለ ፈቃድ ስላሰራጨችው በተነሣው ክርክር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰጠው ውሳኔ፣ የቅጂ መብት ሕግ የተሠራው የሰማይ ፍጡራንን ሥራ ለመጠበቅ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ሰዎች መርጠው ባደራጁት ረገድ የሰው እጅ ስላለበት ጥበቃ ሊያገኝ እንደሚችል ገለጸ። ይህን ውሳኔ ሳነብ የማተሚያ ቤቱ አዛውንት ድምፅ ትዝ አለኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ አምላክ ነበር፤ እርሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ ሰው ነበር። ማን ነው የተረጎመው?

ይህ ጥያቄ ነው ወደ አገሬ ሰው፣ ወደ አቡ ሩሚ የመራኝ።

አቡ ሩሚ እ.ኤ.አ. በ1750 አካባቢ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የጎጃም ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። ስሙ የአረብኛ ቅርጽ አለው፤ ከአገሩ ውጭ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነውና። ኢየሩሳሌምን ተሳልሟል፤ እስከ ፋርስና እስከ ሕንድ ድረስም ተጉዟል። በመጨረሻ ካይሮ ከተማ ደርሶ በጠና ታመመ፤ በዚያም አስላን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አግኝቶ አስታመመው። ሼርቪል የምሥራቅ ቋንቋዎች ወዳድ ነበርና የዚህን እንግዳ እውቀት ሲያይ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ እንዲመልስ አሳቡን አቀረበለት።

ከዚያ የሆነውን ሼርቪል ራሱ ተርኮታል። ለዐሥር ዓመት ያህል፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሩን ለጎብኚ ሁሉ ዘግቶ ከኢትዮጵያዊው ጋር ይቀመጥ ነበር። ከአረብኛው መጽሐፍ በዝግታ ያነብባሉ፤ የሚከብደውን ቃል ሼርቪል ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከግሪኩ እያመሳከረ ያስረዳል፤ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ ሲያልቅ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈው ገጽ 9,539 ሆነ። ሰውየው ከዚህ ድካም በኋላ ለሳላምታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ ወደ ካይሮ ሲመለስ ወረርሽኝ ጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ1819 ገደማ በዚያው አረፈ።

ከዚያ በኋላ ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ወደ ግብፅ መጣ። በለንደን ለነበረው የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 ጽሑፉን ከሼርቪል በ1,250 ፓውንድ ገዛው።

እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛነቴ አላስቀምጥ አለኝና ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ገንዘቡ ለገጾቹ ሲካፈል ለአንድ ገጽ የሚደርሰው ከሁለት ሽልንግ ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ዐሥር ዓመት ሳይቋረጥ በሳምንት ሁለት ቀን ብንል ሰውየው በአንድ ቀን ዘጠኝ ገጽ ያህል ጽፏል ማለት ነው። ገንዘቡ ሲከፈል እርሱ በመቃብር ነበር።

ሼርቪልን ሌባ አልለውም። በሽተኛውን ያዳነ፣ ዐሥር ዓመት አብሮ የደከመ፣ የአቡ ሩሚንም ታሪክ ተርኮ ያቆየልን እርሱ ነው። ማኅበሩንም አልከስስም። አራቱን ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ አዲስ ኪዳንን በ1829፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1840 አትሞ አውጥቷል፤ ያ ጽሑፍ በካይሮ ሳጥን ውስጥ ቢቀር ኖሮ ምስጥ ይበላው ነበር። ወንጌላቱን አርሞ ለኅትመት ያበቃው ቶማስ ፔል ፕላትም በርዕሱ ገጽ ላይ የተርጓሚውን ስም አልፋቀም፤ ሐበሻው አቡ ሩሚ እንደ ተረጎመው አስፍሯል። ያሰፈረው ግን በላቲን ነው። መጽሐፉ የሚሄደው ወደ ጎንደርና ወደ ትግራይ ነበር፤ ስሙ የተጻፈው ግን በዚያ ለሚያነብ ሰው በማይገባ ቋንቋ ነበር። የገዛ ወገኑ በገዛ ቋንቋው ስሙን ሳይጠራው ቀረ።

እኔም ራሴ ከእነዚያ አንዱ ነኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ባደገ ቤት ተወልጄ፣ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ግጥም እጽፋለሁ እያልሁ፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የጻፈውን የመጀመሪያ ሰው ስም የሰማሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። እንግዲህ ርስቱን ወርሰን አውራሹን ረስተናል።

አባቴ ያነብልን የነበረው መጽሐፍ የአቡ ሩሚ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ሊቃውንት ተሰብስበው የደከሙበት፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው ትርጉም ነው። እኔም እንደ ብዙው ሰው ያንን መጽሐፍ በዓመተ ምሕረቱ ስጠራው፣ በቀለም ስላነጹት ሊቃውንት ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ። ከእርሱ በኋላም ሌሎች ትርጉሞች መጥተዋል። በ1993 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ለምሳሌ፣ ዛሬ ቢብሊካ በሚባለው ማኅበር መብቱ የተጠበቀ ነው። እያንዳንዱ ትርጉም የራሱ አማርኛ፣ የራሱ ዜማ አለው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ብሎ ብቻ የሚጠቅስ ሰው የትኛውን ድምፅ እንደ ሰማ አልተናገረም።

የአገራችን ሕግም ይህን ልዩነት ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ትርጉምን ራሱን የቻለ ጥበቃ የሚገባው ሥራ ያደርገዋል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ይኸው ሕግ ከታተመ ሥራ አጭር ክፍል በጥቅስ መልክ መውሰድን ይፈቅዳል። ነገር ግን ጥቅሱ ከተፈለገበት ዓላማ የማያልፍ፣ በቅን አሠራር የተደረገ መሆን ይኖርበታል፤ ምንጩና የደራሲውም ስም መጠቀስ አለበት።

ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብሁት። እኔ የፈራሁት ሕጉ የዳዊትን ቃል ዘግቶ ቁልፉን ለባለሀብት የሰጠ መስሎኝ ነበር። ሕጉ ግን ለአንዲት ጥቅስ ከእኔ የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ስም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከአንባቢያቸው የለመኑትም ይህንኑ ነበር። መጽሐፉን በሙሉ አትሞ ለሚሸጥ፣ ወይም ቃሉን ለውጦ በሌላው ስም ለሚያወጣ ሰው ግን ጥያቄው ይከብዳል፤ እርሱ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ቢጠየቅም አይቀየም።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል የአገሬ ሰው። ስለ ቅዱስ ቃል ባለቤትነት የሚደረገው ክርክር ሁሉ መልስ ያጣው ባለቤት ስለምንፈልግ ይመስለኛል። ንጉሡም፣ ማኅበሩም፣ አታሚውም፣ ገጣሚውም የዚህ ቃል ባለቤት አይደሉም፤ ባለአደራዎች ናቸው። ባለአደራ ደግሞ ሁለት ግዴታ አለበት። የተቀበለውን ሳያጎድል ማድረስ አንዱ ነው፤ ከማን እጅ እንደ ተቀበለው መመዝገብ ሁለተኛው ነው። ያለ ስም የገባ ገንዘብ በእኛ መሥሪያ ቤት ሒሳብ አይዘጋበትም። የእኔም መድበል ሒሳቧ ያልተዘጋው ለዚህ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለስሁ። አዛውንቱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። የመዝሙሩ ቃል እንደ ነበረ ነው፤ ከሥሩ ግን የምዕራፉና የቁጥሩ ልክ፣ ቀጥሎም የ1954 ዓ.ም. ትርጉም መሆኑ ተጽፏል። መብቴ በሕግ የተጠበቀ መሆኑን የሚናገረው መስመር ከጀርባው አለ፤ አልሰረዝሁትም። ከእርሱ በላይ ግን አንዲት አጭር ግጥም ጨምሬያለሁ፤ የመድበሏ ዐርባ አንደኛ ግጥም መሆኗ ነው፦

ሁለት ቀን በሳምንት ዐሥር ዓመት ጽፎ፣
ሲታተም ሳያየው በካይሮ ቀረ አርፎ፤
ቃሉ የአምላክ ነው፣ ዋጋ የለው ከቶ፣
ስሙን ልጥራለት ግን፣ አይቅር ተረስቶ።

አዛውንቱ አነበቡና ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ይህ ሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ወንበር ሳብሁና ነገርኋቸው።